ማሳሰቢያ፦ ግማሽ ዶክትሬት አይመነዘርም

ይህ ማሳሰቢያ የሚመለከተው ካርቱም ውስጥ ትምህርት ጀምረው ጦርነት ያፈናቀላቸውን፣ አሁን ካይሮ፣ ካምፓላ፣ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ተቀምጠው «ከየት ልቀጥል?» የሚሉትን ኢትዮጵያውያን ነው። ካርቱምን በዓይናቸው ባያዩም «ኤምቢኤ ልማር ወይስ በፋይናንስ ዶክትሬቴን ልያዝ?» እያሉ ያጠራቀሟትን ገንዘብ ይዘው የሚያመነቱትንም ይመለከታል። ምክሬ አጭር ነው፤ ምክንያቱ ግን ረዘም ይላል። ምርምር ሠርታችሁ ማስተማርና መጻፍ ካልፈለጋችሁ ዶክትሬት አትጀምሩ። ከጀመራችሁም የምትጨርሱበትን መንገድ ሳታዩ አንዲት ሳንቲም አትክፈሉ።

ከጦርነቱ በፊት አንድ ምሽት፣ ካርቱም ዴም ሰፈር፣ አንዲት የአገራችን ሴት ቡና በምታፈላበት ጥግ ባንበር በሚሏት አጭር መቀመጫ ላይ ተቀምጠን ነበር። ሱዳኖችም የቡናውን ዕቃ «ጀበና» ነው የሚሉት፤ ዝንጅብል ሲያበዙበት ብቻ ከአገር ቤቱ ይለያል። ከጎኔ ያለው ወጣት በአንድ አስመጪ ነጋዴ ቢሮ ሒሳብ ይሠራል። በአካውንቲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው፣ ከጎንደር የመጣ ጎበዝ ልጅ ነው። አንድ ደላላ ስልኩን ዘርግቶ ያሳየዋል፦ የፋይናንስ ዶክትሬት፣ 12 ወር፣ የመግቢያ ፈተና የለም፣ የሥራ ልምድ እንደ ትምህርት ይቆጠራል፣ ክፍያው በሁለት ዙር። የዩኒቨርሲቲው ስም የእንግሊዝ ከተማ ይመስላል፤ ካርታ ላይ ብትፈልጉት ግን የለም። ልጁ «እኔ ማስተርስም የለኝ» ሲለው ደላላው አልደነገጠም። «እሱንም አብረን እንጨምርልሃለን» አለ፣ ሽንኩርት ላይ ቃሪያ እንደሚመርቅ ነጋዴ። ቡና የምታፈላው ሴት ሳቋን መያዝ አቃታት። «ወንድሜ፣ እኔ ይችን ጀበና እንኳ ከአቦል እስከ በረካ ሦስት ጊዜ ነው የማፈላት» አለችው።

ልጁ አልከፈለም። ብልህ ስለሆነ ነው ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ እውነቱ ግን ገንዘቡ ስላልሞላለት ነው። ቢሞላለት ኖሮ ይከፍል ነበር። ዛሬ ይህን የምጽፈው ገንዘቡ ለሚሞላላቸው ነው።

ካርቱም ማዕረግ የምታፈቅር ከተማ ነበረች። መነጽር ያደረገ ሁሉ «ያ ኡስታዝ» ነው፣ መሐንዲስ ሁሉ «ባሽሙሃንዲስ» ነው፣ ፋርማሲ ውስጥ የቆመውም «ያ ዱክቱር» ነው። እኛም ብንሆን በዚህ አንታማም። አዲስ አበባ ውስጥ የስብሰባ ባጃቸው ላይ «ዶ/ር» ሳይጻፍ ሲቀር ቡናቸውን ጥለው የሚወጡ ሰዎች አይቻለሁ። የክብር ዶክትሬቱን ነገር ተዉት፤ እሱ ራሱን የቻለ ማሳሰቢያ ይወጣዋል። እዚህ የማነሣው ማዕረጉ በእውነተኛ ትምህርት ሲገኝ እንኳ ለምን ዓላማ እንደተፈለገ ሳይጠየቅ ስለሚጀመር ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው ነው።

ኤምቢኤና የፋይናንስ ዶክትሬት የአንድ መሰላል ታችኛውና ላይኛው እርከን ይመስላሉ። ብዙ ሰው «ማስተርሱን ይዣለሁ፣ ቀጣዩ ዶክትሬት ነው» ይላል። ኤምቢኤ የተፈጠረው ሥራ ለሚመሩ ሰዎች ነው። ሃርቫርድ እ.ኤ.አ. በ1908 የንግድ ትምህርት ቤቱን ከፍቶ ይህን ዲግሪ ሲጀምር ሐሳቡ የፋብሪካና የባቡር ኩባንያ ኃላፊዎችን ማውጣት ነበር። ዛሬም ትምህርቱ ያው ነው፦ ሒሳብ አያያዝ፣ ገበያ፣ የሰው ኃይል፣ ኦፕሬሽን፣ ትንሽ ፋይናንስ፣ ብዙ የቡድን ሥራና ብዙ ፕሬዘንቴሽን። አንድ ወይም ሁለት ዓመት ይፈጃል። የተማራችሁትን ሰኞ ጠዋት ቢሮ ገብታችሁ ትሞክሩታላችሁ።

የፋይናንስ ዶክትሬት ሌላ ዓለም ነው። ደህና በሚባሉት ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በማይክሮኢኮኖሚክስ፣ በኢኮኖሜትሪክስና በፕሮባቢሊቲ ያልቃሉ። ከዚያ አጠቃላይ ፈተና አለ፤ የወደቀ ይሰናበታል። ካለፋችሁ በኋላ ሦስት ወይም አራት ዓመት ቲሲስ ነው። በመካከሉ የባንክ ብድር እንዴት እንደሚገመገም፣ የቅርንጫፍ ሥራ እንዴት እንደሚመራ የሚያስተምራችሁ የለም። የአክሲዮን አማራጭ ውሎች በምን ዋጋ መገበያየት እንዳለባቸው የሚያሰላውን ዝነኛ ቀመር እ.ኤ.አ. በ1973 ከማይረን ሾልስ ጋር ያሳተመው ፊሸር ብላክ ዶክትሬቱን በሃርቫርድ የያዘው በአፕላይድ ማቲማቲክስ ነበር። የፋይናንስ ዶክትሬት ውስጡ ምን እንደሆነ ከዚህ መገመት ይቻላል።

የሃሪ ማርኮዊትዝንም ታሪክ እነሆ። ኢንቨስተር ገንዘቡን በአንድ ቅርጫት ሳያስቀምጥ እንዴት ማከፋፈል እንዳለበት በሒሳብ ያሳየ ሰው ነው። ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ቲሲሱን ሲከላከል ፕሮፌሰር ሚልተን ፍሪድማን «ይህ ኢኮኖሚክስ አይደለም፣ የኢኮኖሚክስ ዶክትሬት ልንሰጥህ አንችልም» ብሎ ሲያስጨንቀው እንደነበር ማርኮዊትዝ ራሱ በኖቤል ንግግሩ ተርኳል። በመጨረሻ ዶክትሬቱን ሰጡት፤ እ.ኤ.አ. በ1990 ደግሞ የኖቤል ሽልማቱን አገኘ። ይህን ያነሣሁት ለማስፈራራት አይደለም። ዶክትሬት ማንም ያልሠራውን ነገር ሠርቶ፣ ከሁሉ የሚበልጡ ሰዎች ፊት ቆሞ መሟገት ነው። ያ ሙግት ያላስደሰተው ሰው አምስት ዓመቱን በስቃይ ነው የሚያልፈው።

«ግን ዶክተሩ የበለጠ ገንዘብ ይሠራል» የሚል ካለ ይህን ያስብ፦ ማይረን ሾልስና ሮበርት ሜርተን እ.ኤ.አ. በ1997 የኖቤል ሽልማት በተቀበሉ በዓመቱ፣ ከመሥራቾቹ መካከል የነበሩበት ሎንግ ተርም ካፒታል ማኔጅመንት የተባለው ፈንድ ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከስሮ፣ 14 ባንኮች 3.6 ቢሊዮን ዶላር አዋጥተው ነው ከገበያው ላይ በሥርዓት ያወረዱት። አገር ቤት ደግሞ የብሔራዊ ባንክ መመሪያ የባንክ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ለመሆን እንኳ ዶክትሬት አይጠይቅም። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈውን የባንክ ክፍት ቦታ አንብቡ። «ፒኤችዲ» የሚለውን ቃል የምታገኙት ዩኒቨርሲቲዎች በሚያወጡት ላይ ነው።

ኤምቢኤም ቢሆን ለሁሉም አይደለም። ገና በሃያ ሁለት ዓመቱ ከዲግሪ ወጥቶ፣ አንድም ቀን ደመወዝ ሳይቀበልና አለቃ ሳይቆጣው፣ በቀጥታ ኤምቢኤ ለሚገባ ወጣት አዝንለታለሁ። ክፍል ውስጥ «በመሥሪያ ቤትህ የገጠመህን ችግር አቅርብ» ሲባል የሚያቀርበው የለውም። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ዓመት ሥሩ። ሥራው ላይ ሆናችሁ በማታና በቅዳሜ ብትማሩ ደግሞ ይበልጥ ይጣፍጣል። በርቀት መማርም በራሱ የሚያሳፍር አይደለም፤ አቶ መለስ ዜናዊ አገር እየመሩ እ.ኤ.አ. በ1995 ኤምቢኤያቸውን ከእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ የያዙት በርቀት ነበር። የሚያሳፍረው ትምህርቱ ሳይኖር ወረቀቱ ሲኖር ነው። የሒሳብ ሰው ከሆናችሁ ደግሞ ሁለቱንም ትታችሁ 13 ፈተና ያለውን የሒሳብ ሙያ ማረጋገጫ ኤሲሲኤ ወይም በሦስት ደረጃ የሚፈተነውን የኢንቨስትመንት ተንታኞች ማረጋገጫ ሲኤፍኤ ብትሞክሩ አትጸጸቱም። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራውን በይፋ ጀምሯል፤ የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደው አዋጅም ወጥቷል። እነዚህ ቤቶች የሚፈልጉት አክሲዮን መዝኖ ዋጋ የሚያወጣና የሒሳብ መግለጫ አንብቦ የተደበቀውን የሚያገኝ ሰው ነው። ያንን የሚያስተምሩት እነዚህ ፈተናዎች ናቸው።

አሁን ወደ ካርቱም ልመለስ።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር፤ ለእኛ ቀዳም ሥዑር፣ ለሱዳኖች የረመዳን የመጨረሻ ሳምንት። ዶሮውን የገዛ ገዝቶ፣ ሌሊት ለቅዳሴ የሚሄድ ነጭ ልብሱን አዘጋጅቶ ነበር። በጠዋት ተኩስ ተሰማ፤ ጦርነቱ ተጀመረ። ካርቱም ዩኒቨርሲቲ ከጥቁር ዓባይ ዳር፣ ከቤተ መንግሥቱና ከጦር ኃይሉ ሠፈር ብዙም የማይርቅ ግቢ ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1902 ጎርደን ሜሞሪያል ኮሌጅ ብለው የከፈቱት፣ ሱዳን ነፃ በወጣችበት በ1956 ዩኒቨርሲቲ የሆነ፣ ከአገሪቱ ሹማምንት ብዙዎቹ ያለፉበት ቤት። በዚያ ሳምንት ተማሪዎችና ሠራተኞች ግቢው ውስጥ ለቀናት መውጫ አጥተው ቆዩ። በጥይት ተመትቶ የሞተ አንድ ተማሪን ወደ መቃብር የሚያደርስ መንገድ ስለጠፋ ጓደኞቹ እዚያው ግቢ ቀበሩት። በወሩ ደግሞ ኦምዱርማን ውስጥ አህሊያ ዩኒቨርሲቲ የነበረው፣ በመሐመድ ዑመር በሺር ስም የሚጠራው የሱዳን ጥናት ማዕከል ቤተ መጻሕፍት ተዘርፎ ተቃጠለ። መንግሥት ወደ ፖርት ሱዳን ተሰደደ፤ ዲግሪ የሚያረጋግጠው የከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር፣ ማኅተም የሚመታው የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርም አብረውት።

የብዙ ኢትዮጵያዊ መንገድ በገዳሪፍ በኩል ወደ ጋላባት፣ ከዚያ ድንበሩን ተሻግሮ ወደ መተማ ነበር። መተማ ላይ ከሻንጣዎቹ መካከል ያየሁት አንድ ነገር አይረሳኝም። አንድ ጎልማሳ ላስቲክ የተጠቀለለ ሰማያዊ ፎልደር በሸሚዙ ውስጥ፣ ሆዱ ላይ አስሮ ነበር። የፋይናንስ ዶክትሬት ተማሪ ነው፣ አራተኛ ዓመቱ ላይ የነበረ። ፎልደሩን ሲፈታው የተከፈለባቸው ደረሰኞች፣ የጸደቀ ፕሮፖዛል፣ ሁለት ምዕራፍ የአድቫይዘሩ ቀይ እርማት ያለበት ረቂቅ፣ ኢቃማ የሚባለው የመኖሪያ ፈቃዱም ወጡ። ዳታው የቀረው አንድ ዴስክቶፕ ውስጥ ነበር፤ ዴስክቶፑ ካርቱም ቀርቷል። አድቫይዘሩ ወደ ሰሜን እንደወጡ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ስልካቸው አይሠራም። ጎንደር ስንደርስ ቁጭ ብሎ «አሁን እኔ ምን አለኝ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። አራት ዓመት ሙሉ ነበረው፤ ለአንድ ቀጣሪ የሚያሳየው ግን ምንም አልነበረውም።

የርዕሱ ነገር ይኸ ነው። ኤምቢኤ ሲቋረጥ የተወሰዱት ኮርሶች በትራንስክሪፕት ይቀራሉ፤ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ከፈቀደ የተወሰኑትን ይቆጥርላችኋል፤ ባይቆጥርም ያጣችሁት አንድ ዓመት ነው። ዶክትሬት ግን በአንድ አድቫይዘር፣ በአንድ ዲፓርትመንትና በአንድ የዳታ ክምችት ላይ የተንጠለጠለ ነገር ነው። አድቫይዘሩ ሲሰደዱ፣ ሲሞቱ ወይም ሥራ ሲቀይሩ ሥራው ወላጅ አልባ ይሆናል። አዲሱ ዩኒቨርሲቲ «ፕሮፖዛልህን ከእኛ ጋር እንደገና ጀምር» ይላል። ግማሽ ኤምቢኤ በመጠኑ ይመነዘራል፤ ግማሽ ዶክትሬት አይመነዘርም። ጦርነት ስል ካርቱም ብቻ አይምሰላችሁ። ባለፉት ዓመታት መቀሌ፣ ባሕር ዳር፣ ጎንደር ትምህርት የተቋረጠባቸው ተማሪዎች የማወራውን ያውቁታል። ረጅም ትምህርት ስትመርጡ ረጅም ሰላም እየተበደራችሁ ነው፤ አበዳሪው ማን እንደሆነ አስቡ።

ቲሲሱ በምን ላይ እንደሚሠራም ሳትጠይቁ አትግቡ። የፋይናንስ ምርምር የሚኖረው በዳታ ነው። የካርቱም የአክሲዮን ገበያ እ.ኤ.አ. በ1995 ግብይት ቢጀምርም ትንሽና ቀዝቃዛ ነበር። የሱዳን ፓውንድ የካቲት 2013 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ55 ወደ 375 ለዶላር ሲወርድ፣ የዋጋ ንረቱ በዚያው ዓመት ከ300 በመቶ በላይ ሲሄድ፣ ለአሥር ዓመት የተሰበሰበ ቁጥር ሁሉ ምን ማለት እንደሆነ የሚነግር ሰው አልነበረም። አገር ቤት ደግሞ ገበያው እስከ ትናንት ስላልነበረ የዩኒቨርሲቲዎቻችን መደርደሪያ «የኢትዮጵያ የግል ንግድ ባንኮች ትርፋማነት ወሳኝ ምክንያቶች» በሚል ወይም የዚያ ወንድም በሆነ ርዕስ ተሞልቷል። ባንኮቹ የሚያውቁትን ነገር ባንኮቹን ጠይቆ ለባንኮቹ መንገር። ለማስተርስ ያሳልፋል። አምስት ዓመት ሊበላበት ግን አይገባም።

ሆኖም ካርቱም የተማረ የፋይናንስ ሰው በእጁ የያዘውን ሀብት አሳንሶ እንዳያይ እፈልጋለሁ፤ እዚህ ላይ ነው ዶክትሬት ሊያዋጣ የሚችለው። ሱዳን ውስጥ ፋይሰል ኢስላሚክ ባንክ እ.ኤ.አ. በ1977 ተቋቋመ፤ በ1983 ፕሬዚዳንት ኒሜሪ ሸሪዓን ሲያውጁ፣ በማግሥቱ ዓመት ባንኮች በሙሉ ከወለድ እንዲወጡ ታዘዙ። በዓለም ላይ የባንክ ሥርዓታቸውን በሙሉ በዚህ መንገድ ያዋቀሩት ሱዳንና ኢራንን የመሳሰሉ ጥቂት አገሮች ብቻ ናቸው። የገዳሪፍ ገበሬ ትራክተር ሲፈልግ ባንኩ ገንዘብ አያበድረውም፤ ትራክተሩን ራሱ ገዝቶ ትርፉን ጨምሮ በጊዜ ክፍያ ይሸጥለታል፤ ሙራበሃ ይሉታል። ባንኩና ነጋዴው ገንዘብ አዋጥተው ትርፍና ኪሳራ ሲካፈሉ ሙሻረካ ነው። ገና ያልታጨደው ሰሊጥ ዋጋ ለገበሬው አስቀድሞ ሲከፈለው ሰለም ይባላል። በወረቀት ላይ ሙሻረካ የሥርዓቱ ልብ ነው፤ ባንክ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ ስታዩ ግን ባንኮቹ የሚወዱት ሙራበሃን ነው፤ ኪሳራ መካፈል ማን ይወዳል? መንግሥትም እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ሸሃማ የሚባል የሙሻረካ ሰርተፊኬት ለሕዝብ እየሸጠ በጀቱን ይደጉም ነበር።

አዲስ አበባ ውስጥ ዘምዘም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2021 የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ ሆኖ ሲከፈት፣ ሂጅራ ባንክ ሲከተለው፣ ሌሎቹም ባንኮች ከወለድ ነፃ መስኮት ሲያሰፉ፣ የሥራውን ውስጥ የሚያውቅ ሰው ብርቅ ነበር። ካርቱም አምስት ዓመት ሙራበሃ ሲዋዋል የከረመ ልጅ በእጁ ያለው ዕውቀት ከማንኛውም የ12 ወር ዶክትሬት ይበልጣል። የካርቱምና የአዲስ አበባ የባንክ ዝምድና ደግሞ አዲስ አይደለም፤ የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ እ.ኤ.አ. በ1958 ካርቱም ቅርንጫፍ ከፍቶ ነበር፤ ሱዳን በ1970 ወረሰችው። እንዲህ ያለውን ጉዳይ፣ ሙራበሃ ለኢትዮጵያ ሰሊጥ አምራች ምን ያደርግለታል የሚለውን ጥያቄ፣ እንቅልፍ ነሥቶት የሚያድር ሰው ካለ ዶክትሬቱን ይጀምር። እንዲህ ያለውን ሰው አላስጠነቅቅም።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ። የውጭ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል። ለሁለት ዓመት ኤምቢኤ የተዋዋለ ተማሪ ጥርሱን ነክሶ ጨረሰው። ለአምስት ዓመት ዶክትሬት የተዋዋለው ግን ገና ብዙ ዓመት ይቀረዋል። ደላሎች የማይነግሯችሁን አንድ ነገር ልጨምር፦ በአሜሪካ ደህና የሚባሉት የፋይናንስ ዶክትሬት ፕሮግራሞች ተማሪውን አያስከፍሉትም፤ የትምህርት ክፍያውን ችለው ለኑሮ የሚሆን ገንዘብም ይሰጡታል። በዓመት የሚቀበሉት ጥቂት ሰው ነው፤ ጂማት ወይም ጂአርኢ የሚባል የመግቢያ ፈተና ይጠይቃሉ፤ ማስተርስ ሳይኖርም ሊያስገቡ ይችላሉ። ኤምቢኤ ግን አስከፋይ ነው፤ ንግድ ነውና። እንግዲህ አንድ ሰው የፋይናንስ ዶክትሬት ሊሸጥላችሁ ሲመጣ፣ መግቢያው ቀላል መውጫው ፈጣን ክፍያው ግን ከባድ ሲሆን፣ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው።

ሐሰተኛ ዲግሪ የሚሸጡ ሰዎች ጠላ ቤት ጥግ የተቀመጡ ብቻ አይምሰላችሁ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2015 ኒው ዮርክ ታይምስ ፓኪስታን ውስጥ ያለውን አክዛክት የተባለ ድርጅት ሲያጋልጥ፣ በመቶ የሚቆጠሩ የኢንተርኔት ገጾች፣ ሕንፃ የሌላቸው «ዩኒቨርሲቲዎች» እና ተዋናይ «ፕሮፌሰሮች» ተገኙ። ስሞቹ «ባርክሌይ» እና «ኮሎምቢያና» የመሳሰሉ ነበሩ፤ በችኮላ የሚያነብ ሰው በርክሊና ኮሎምቢያ እንዲላቸው የተቀመሙ። ብዙ ደንበኞቻቸው የባሕረ ሰላጤው አገሮች ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ከገዙ በኋላ «ወረቀትህን ካላረጋገጥክ ትታሰራለህ» እየተባሉ በስልክ ተጨማሪ ገንዘብ ተነጥቀዋል። ማለትም ሐሰተኛ ዲግሪ የገዛ ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ የሻጩ እስረኛ ነው።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ዩኒቨርሲቲው በገዛ አገሩ በመንግሥት የሚታወቅ መሆኑን ጠይቁ፤ ኢትዮጵያ ልትሠሩበት ከሆነ ደግሞ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አቻ ግምት ይሰጠው እንደሆነ ራሳችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ። የደላላውን ቃል ይዛችሁ አትመለሱ። ለዶክትሬት የአድቫይዘሩን ስም አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ስማቸውን ሊነግሯችሁ ካልፈለጉ ውጡ። ስማቸውን ካገኛችሁ ባለፉት አምስት ዓመታት ምን እንደጻፉና ስንት ተማሪ እንዳስመረቁ ፈልጉ። ስንት ተማሪ ጀምሮ ስንቱ እንዳቋረጠም ጠይቁ፤ ይህን ጥያቄ የሚጠላ ዲፓርትመንት መልሱን ሰጥቷችኋል። ወጪያችሁን የሚሸፍን ሰው ካለ ውሉን አንብቡ፤ ካቋረጣችሁ ማን እንደሚከፍል እዚያ ውስጥ ተጽፏል።

ካርቱም ተምራችሁ የጨረሳችሁም፣ ያልጨረሳችሁም፣ ወረቀታችሁ በእጃችሁ ካለ ዛሬ ማታ ዲግሪውን፣ ትራንስክሪፕቱን፣ የኢቃማችሁን ገጽ፣ የክፍያ ደረሰኞቻችሁንና የአድቫይዘራችሁን ደብዳቤ አንድ በአንድ ፎቶ አንሡና ለራሳችሁ ኢሜይል ላኩ። አንድ ኮፒም አገር ቤት ላለ ዘመድ ስጡ። መተማ ላይ ያገኘሁት ሰው ዛሬ በአንድ ባንክ ከወለድ ነፃ ክፍል ውስጥ ይሠራል። ሰማያዊ ፎልደሩ አሁንም መሳቢያው ውስጥ ነው፤ ኤምቢኤውን በማታ ጀምሯል።